ኩታበር ደወለች፣ ደሴ አልሰማችም

ኩታበር ያሉት አክስቴ አንድ የመስመር ስልክ አላቸው። ቁጥሮቹ ከመነካካት ብዛት ደብዝዘዋል፤ ከላዩ ዳንቴል ጣል ተደርጎበታል። ዳንቴሉ የሚነሳው ለሁለት ጉዳይ ብቻ ነው፤ ለዒድ እንኳን አደረሳችሁ ለመባባልና መርዶ ለመንገር። ሌላውን ጨዋታ "ቡና ሳይፈላ ምኑ ወሬ ነው" ብለው አይቀበሉትም።

እኔ ደግሞ ደሴ ቤቴ ውስጥ የምኮራበት ስልክ ነበረኝ። ከፋይበር መስመር ጋር የመጣ ነጭ ሣጥን አለ፤ ስልኩ የሚሰካው እሱ ላይ ነው። አረንጓዴ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ሲሉ ያየ እንግዳ ሁሉ ይጠይቀኛል፤ እኔም እንደ ባለሙያ አስረዳለሁ። የድሮው የመዳብ ሽቦ የተነሳ ዕለት "ግልግል!" ብያለሁ። አክስቴንም ባገኘኋቸው ቁጥር "ይኼ ዕቃ እኮ ጊዜው አለፈበት፤ አዲሱ ኩታበርም ሲደርስ ይቀየርልዎታል" እያልኩ እሰብካቸው ነበር።

ከዚያ አንድ ክረምት መብራት ጠፋ። አንድ ቀን አለፈ፤ ሁለት ቀን አለፈ። ደሴም ጨለማ፣ ኩታበርም ጨለማ። የቤተሰቡ ሞባይል ሁሉ ባትሪው ተራ በተራ አለቀ። በሁለተኛው ሌሊት አጎቴ አረፉ። አክስቴ ዳንቴሉን አንስተው ደወሉ። ያ የናቅኩት ስልክ በዚያ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ይሠራል። የማይሠራው የእኔ ነው። ነጩ ሣጥን ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል፤ እኔም ተኝቻለሁ።

በመጀመሪያው መኪና የተላከ ልጅ በሬን ሲያንኳኳ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው። ኩታበርና ደሴ ቢራራቁ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ምን ዋጋ አለው! በቦሩ ሜዳ አድርገን ስንደርስ ሶላተል ጀናዛው ተሰግዶ፣ አፈሩም ለብሶ ነበር። በእስልምና ደንብ "ዘመድ እስኪሰበሰብ" ተብሎ ሬሳ አይቆይም። እኔ፣ ደብተርና እርሳስ ገዝተው ያስተማሩኝን ሰው፣ አንዲት እፍኝ አፈር እንኳ አላለበስኳቸውም።

አክስቴ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ሰባት ጊዜ ደወልኩልህ ልጄ። አንዲት ሴት ናት የምታናግረኝ። እባክሽ ቀስቅሺልኝ፣ ሞት ነው፣ ብዬ ነግሬያት ነበር" አሉኝ። ሴትዮዋ የተቀዳ ድምፅ መሆኗን የምነግርበት አፍ አልነበረኝም።

አሁን "ታዲያ ማንን ልትከስ ነው?" የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። በዚህኛው ጉዳይ ተከሳሹ እኔው ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪውን "መስመር በመስመር አንብቡ" እያልኩ ሳስጨንቅ ኖሬ፣ የገዛ መስመሬን ውል ሳላነብ ፈረምኩ። መብራት ሲጠፋ ሣጥኑ ምን ይሆናል ብዬ አልጠየቅኩም። መጠባበቂያ ባትሪም አልገዛሁም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን የፈሰሰብኝን የምለቅምበት ዕድል እንኳ አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ ግን ቁጭ ብዬ ነገሩን መረመርኩት። የመዳቡ ስልክ ሁለት ነገር ነበር የሚሸከመው፤ ድምፅና ኤሌክትሪክ። የስልክ ጣቢያው ከራሱ የባትሪ ክፍል 48 ቮልት ያህል ኃይል በዚያው ሽቦ ወደየቤቱ ይልካል። ጣቢያው ባትሪና ጄኔሬተር እስካለው ድረስ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞም ስልኩ ይጮሃል። የመብራት ቆጣሪ የሌለው ቤት እንኳ ስልክ ሊኖረው ይችል ነበር። ፋይበር ግን መስታወት ነው። እንደ ፀጉር በቀጠነ ክር ውስጥ ብርሃን ይሮጣል፤ ቃሉንና ምስሉን ያደርሳል፤ ለሣጥኑ የሚሆን ኃይል ግን አያመጣም። ሣጥኑ ቀለቡን የሚያገኘው ከቤታችን ሶኬት ነው። ሶኬቱ ከደረቀ አበቃ። በአጭሩ፣ ድሮ የስልክ ጣቢያው ሸክም የነበረው ኃይል ወደ ቤቱ ባለቤት ትከሻ ዞሯል። በአደባባይ የሚወራው ግን ስለ ፍጥነቱ ብቻ ነው። ስለ ሸክሙ የሚያወራ የለም።

ክርክሬ ይኼው ነው፦ ለገጠር ቤት ስልክ የፍጥነት ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የክፉ ቀን ጉዳይ ነው። ምጥ የያዛት ሴት፣ የታመመ ሕፃን፣ የሞተ ሰው ቀጠሮ አይሰጡም፤ መብራት እስኪመጣም አይጠብቁም። በክፉ ቀን የማይጮህ መስመር በሴኮንድ መቶ ሜጋ ቢት ቢጋልብ፣ ለአክስቴ ከዳንቴሉ የማይሻል ጌጥ ነው።

"ታዲያ ወደ መዳብ ዘመን እንመለስ ነው የሚሉን ጋሼ?" የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። ኧረ በጭራሽ! መዳብ ይሰረቃል፤ ዝናብ ሲመታው ያንኮሻኩሻል፤ የዛሬውን ጭነትም አይችልም። "ገበሬ ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል" ከሚሉት ጋርም አልሰለፍም። አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው የስልክ መስመር ሥራ እ.ኤ.አ. በ1894 ሲጀመርም "የሰይጣን ሥራ ነው" ያሉ እንደነበሩ ይተረካል። እንዲያውም ከደሴ ልጅ ይልቅ ፈጣን መስመር የሚያስፈልገው የኩታበር ልጅ ነው። ቤተ መጻሕፍቱም፣ ሐኪሙም፣ ገበያውም ከእሱ ይርቃሉ። ፋይበሩ ይምጣ! ሲመጣ ግን ሙሉ ሆኖ ይምጣ ነው የምለው።

ግማሹን ማምጣት ልማዳችን ነውና። በ1990ዎቹ አጋማሽ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተተከለ። ትምህርቱ በሳተላይት ከአዲስ አበባ ይመጣል። መብራት ከጠፋ ግን መምህሩ ከጥቁር መስታወት ፊት ቆሞ ይቀራል። ሳተላይቱን አስበንለታል፤ ሶኬቱን አላሰብንለትም። በዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዱም፣ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ፣ የገጠሩ ሕዝብ ሁሉ በ5 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ስልክ እንዲያገኝ ግብ ተይዞ ነበር። ግቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን አምስት ኪሎ ሜትር በእግሩ ተጉዞ የደረሰ ሰው ስልኩን ቻርጅ ጨርሶ ቢያገኘውስ? ርቀቱን ለካን፤ መጮሁን ግን አልለካንም።

"ሞባይል አለ አይደለም ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ይኑርም። ያን ሌሊት ግን የእኛ ቤት ሞባይል ሁሉ ሙት ነበር። የሞባይል ማማውም ቢሆን ባትሪው እስኪያልቅ ነው የሚቆመው። ሣጥኑም፣ ሞባይሉም፣ ማማውም አንድ መብራት ሲጠፋ አብረው የሚጠፉ ከሆነ ሦስት መስመር አለን ማለት አንችልም። ያለን አንድ ነው።

ጭንቀቱ የእኔ ብቻ አይደለም። ብሪታንያ የድሮውን የስልክ መረብ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ልትዘጋ ቀን ቆርጣ ነበር። ወድቀው መነሳት ቢያቅታቸው ቁልፍ ተጭነው እርዳታ የሚጠሩ አዛውንት አሉ፤ የአንዳንዶቹ መሣሪያ በአዲሱ መስመር አልሠራ ሲል ነገሩ እስከ መንግሥት ደርሶ የመዝጊያው ቀን ወደ ጥር 2027 ተገፋ። የዚያው አገር ተቆጣጣሪ፣ ከመስመር ስልክ ሌላ መጥሪያ የሌለው ሰው መብራት ጠፍቶም ቢያንስ ለአንድ ሰዓት የአደጋ ጥሪ መደወል የሚያስችል መላ ሊሰጠው ይገባል ብሏል። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ኩባንያዎች በመጀመሪያ የ8 ሰዓት፣ ቆየት ብሎም የ24 ሰዓት መጠባበቂያ ኃይል ለደንበኛው እንዲያቀርቡ ደነገገ፤ ዋጋውን ደንበኛው ቢከፍልም። መብራት አልፎ አልፎ ብቻ የሚጠፋባቸው አገሮች ይህን ያህል ከተጨነቁ እኛ ምን ያህል እንጨነቅ?

ደግሞ የወሎ ሰው ክፉ ቀንን በወሬ አይደለም የሚያውቀው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ስንቱ የውጭ አገር ዘመድ የእናቱን ድምፅ ሲናፍቅ ሰነበተ! ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ያ ዓይነቱ መቋረጥ በባትሪ አይድንም፤ አውቃለሁ። ነገር ግን የዚህ አገር ሰው "ሃሎ፣ አለሁ" የሚል አንድ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። ስለዚህ ቢያንስ በባትሪ የሚድነውን እናድነው።

የምጠይቀው ሰማይ ጠቀስ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ ሽቦው ከመነሳቱ በፊት ለቤቱ ሰው በሚገባው አማርኛ ይነገረው፤ "ይኼ ስልክ መብራት ሲጠፋ ይጠፋል" ተብሎ። ሁለተኛ፣ መጠባበቂያ ባትሪው እንደ ቅንጦት ተለይቶ አይሸጥ፤ የመስመሩ አካል ሆኖ ከሣጥኑ ጋር ይምጣ። ሣጥኑ ከአንድ ተራ አምፖል ብዙም የማይበልጥ ኃይል ነው የሚፈልገው፤ የገጠሩ ሰው ለመብራት የለመደው ዓይነት ትንሽ ሶላር ከባትሪ ጋር ሊያቆየው ይችላል። ሦስተኛ፣ አዲሱ መስመር አንድ መብራት የጠፋበትን ሌሊት ተፈትኖ ሳያልፍ የድሮው አይቆረጥ። አራተኛ፣ ፋይበሩ አስፋልቱን ተከትሎ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ አይቁም፤ ጤና ኬላውና ትምህርት ቤቱ ድረስ ይዝለቅ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለን። ይህን በመመሪያ መደንገግ የማን ሥራ እንደሆነ መፈለግ አያስፈልገንም።

እኔ በበኩሌ ከሣጥኔ ሥር ባትሪ አስቀምጫለሁ። ከቀብር በኋላ የተገዛ ባትሪ ነው።

ባለፈው ዒድ አክስቴ ጋ ሄጄ ነበር። ቡናው ተፈልቶ፣ ስልኩ እንደወትሮው ዳንቴሉን ደርቦ ተቀምጧል። ሰፈሩ ውስጥ አዲሱ መስመር ይመጣል እየተባለ ይወራል። እኔ እንደ ልማዴ ስለ ፍጥነቱ ልጀምር ስል አቋረጡኝ። "እሱስ ይሁን ልጄ፤ መብራት ሲጠፋ ይጮሃል?"

ኩታበር ላይ ሣጥን ሊሰቅል የሚመጣ ሁሉ መሰላሉን ከማቆሙ በፊት ይህን ይመልስላቸው።