ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ መዝገብ አያጥፋው

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ ጽሕፈት ቤት መስኮት ተሰልፈን ሳለን፣ ከፊቴ የቆመችው ተማሪ «ስምሽ በመዝገቡ የለም» ተብላ ተመለሰች። ስሟስ ነበረ። ነገር ግን እርሷ በዐይኑ ዐ የምትጽፈውን መዝጋቢው በአልፋው አ ስለ ጻፈው ኮምፒዩተሩ ሊያገኘው አልቻለም።

ይህ የአንዲት ተማሪ ችግር ብቻ አይደለም። «ዓለምፀሐይ» የሚለውን ስም እንውሰድ። ድምፁ ሳይለወጥ ዓ በ4 ፊደል (አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ)፣ ፀ በ2፣ ሐ ደግሞ በ6 (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ሊጻፍ ስለሚችል፣ ስሙ በ48 መንገድ ይጻፋል። ለእኛ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን 48 ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ፖስትግሬስና ኦራክል የተባሉት ዳታቤዞች «ትራንስሌት» የሚባል ፈንክሽን አላቸው። ስሙ አስተርጓሚ ያስመስለዋል እንጂ ሥራው ፊደልን በፊደል መተካት ነው። ሁለት የፊደል ረድፍ ይሰጠዋል፤ በመጀመሪያው ረድፍ ያለውን እያንዳንዱን ፊደል በሁለተኛው ረድፍ በትይዩው ባለው ይለውጣል፤ ሠን በሰ፣ ፀን በጸ፣ ዐን በአ። ሡንና ሢንም ለየብቻ መዘርዘር ያስፈልጋል፤ ለማሽኑ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ፊደል ነውና።

የምቃወመው ግን አንድ አሠራር አለ። እርሱም «መዝገቡን አንድ ወጥ እናድርገው» ብሎ የተለወጠውን በቀድሞው ስም ላይ መጻፍ ነው። ሠረቀ ብርሃን የሚባል ሰው አለ እንበል። በንጉሡ ሠ ሲጻፍ «ብርሃን ወጣ» ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን ሰውዬው ብርሃን የሰረቀ ሌባ ይሆናል! አንድ ጊዜ ከጠፋ በኋላ የትኛው ሰ ቀድሞ ሠ እንደ ነበረ ለይቶ የሚመልስ ፈንክሽን የለም።

ስለዚህ በበኩሌ የምለው ይህ ነው፤ ፈንክሽኑ ለፍለጋ ይዋል፣ የተጻፈውን ስም ግን አይንካ። ፈላጊው የጻፈውም በመዝገቡ ያለውም በፍለጋ ጊዜ በትራንስሌት አልፈው ይነጻጸሩ፤ ስሙ ግን ባለቤቱ እንደ ጻፈው ይኑር። «ፍለጋው ይዘገያል» ለሚሉም መልስ አለ፤ ፖስትግሬስ በተለወጠው ቃል ላይ ኢንዴክስ ለመሥራት ይፈቅዳልና።

የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ! ነገ በየጽሕፈት ቤቱ ይህን መዝገብ የምታዘጋጁት እናንተ ናችሁ። እኛ የቋንቋ ተማሪዎች የፊደሉን ረድፍ ዘርዝረን ልንሰጣችሁ ዝግጁ ነን። ስም ማስተካከል ግን የእናንተም የእኛም ሥልጣን አይደለም።