የእንግሊዝኛ ጥግ፦ ረጅም ቃል ሲገጥማችሁ



ኡም ራኩባ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ለስደተኞች እንደገና ከተከፈተ ወዲህ፣ በገዳሪፍ ካምፖች «ረጅስትሬሽን» የሚለውን ቃል ያልሰማ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። ቃሉን ሰሚው እንዲገባው አድርጎ መናገሩ ግን ትንሽ ልምምድ ይጠይቃል። ዛሬ እሱን እንይ።

መጀመሪያ ቃሉን እያጨበጨባችሁ ቆራርጡት፦ ረ-ጅስ-ትሬ-ሽን። አራት ጭብጨባ፣ አራት ክፍለ ቃል። ፊደል ግን አትቁጠሩ፤ የኛ ፊደል እዚህ ላይ ያታልላል። «ስትሪት» ስንጽፈው አራት ፊደል ነው፣ በእንግሊዝኛ ግን አንድ ጭብጨባ ብቻ። ከፊቱ «እ» ጨምረን «እስትሪት» ካልነው ሁለት ይሆንና ሰሚው ግራ ይጋባል።

ቀጥሎ ጫናው ነው። በአማርኛ «ገና» ስንል «ና»ን ካላላነው «ገና አልመጣም» ነው፤ ካጠበቅነው የልደት በዓል ነው። ጽሑፉ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት። እንግሊዝኛ ደግሞ ከክፍለ ቃሎቹ አንዱን ከፍና ረዘም አድርጎ ይጫነዋል፣ ሌሎቹን ዋጥ ያደርጋቸዋል። በ«ሽን» የሚያልቁት ሕጋቸው ቀላል ነው፦ ጫናው ከ«ሽን» በፊት ባለው ላይ ያርፋል። ረጅስ«ትሬ»ሽን፣ ኤዱ«ኬ»ሽን፣ ዲስትሪ«ቢዩ»ሽን፣ ቫክሲ«ኔ»ሽን።

ይሄ የክፍል ውስጥ ጨዋታ ብቻ አይደለም። «ፊፍቲን» 15 ነው፣ «ፊፍቲ» 50። በወረፋው ጫጫታ መሃል የመጨረሻዋ «ን» አትሰማም። ስለዚህ 15 ለማለት «ቲን»ን ጎተት አድርጋችሁ ጫኑት፤ 50 ከሆነ «ፊፍ»ን ጫኑና «ቲ»ን ባጭሩ ጣል አድርጉት። ብዙ ጊዜ ለእናት ለአባቶቻቸው የሚያስተረጉሙት ልጆች ናቸው። የልጅ ዕድሜ በስህተት ከተጻፈ ደግሞ ለማስተካከል ሌላ ወረፋ ነው። ቁጥሩን ከተናገራችሁ በኋላ ለየብቻ ድገሙት፦ «ዋን፣ ፋይቭ»። የተጻፈውንም በዓይናችሁ ሳታዩ ከጠረጴዛው አትነሱ።

እናቶችና አባቶች፣ «እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም» ብላችሁ አትራቁ። ማታ ማታ ልጃችሁ ከደብተሩ አምስት ረጃጅም ቃላት ያንብብላችሁ። እናንተ ጭብጨባውን ቁጠሩ፤ ድምፁን የቱ ላይ እንደሚጫንም ጠይቁት። አንዱን ቃል ዛሬ ሦስት፣ ነገ አራት ጊዜ ካጨበጨበለት ገና አልያዘውምና መምህሩን ይጠይቅ።

የዚህ እትም ጥያቄ፦ «ኢንፎርሜሽን» ስንት ጭብጨባ ነው? ጫናውስ የት ላይ ነው? መልሱን በሚቀጥለው እትም ይዤ እመጣለሁ።

ቸር ይግጠመን።