ቁራኛው ማን ነው?

«በዓይነ ቁራኛ ጠብቀው» ስንባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ቁራ ነው። በተለይ እኛ የዳባትና የደባርቅ ልጆች እንዲህ ብናስብ አይፈረድብንም። ስሜን ተራራ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ያ ምንቃረ ወፍራም ቁራ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሰው ዳቦ እንዴት እንደሚያይ! ቃሉ ግን ከወፉ ጋር ዝምድና የለውም። «ፈረሰኛ» ከፈረስ እንደሚወጣ «ቁራኛ» ከቁራ አልወጣም። ቆረኘ፣ ተቆራኘ፣ ቁርኝት እያለ የሚረባ የራሱ ግስ አለው። (የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ላይ «ቁርኝት» የምትል ቃል ያላሰበ የአማርኛ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ።)

ቆረኘ ማለት አንዱን ከሌላው ጋር አሰረ ማለት ነው። በድሮው የዳኝነት ሥርዓት እስር ቤት በየቦታው አልነበረም። ታዲያ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ዘንድ እስኪደርሱ የልብሳቸውን ጫፍና ጫፍ ይቋጥሩ ነበር። ነገሩ ከበድ ሲል የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ ጋር በሰንሰለት ይታሰራል። አበዳሪና ባለዕዳም እንዲሁ። አንዱ ለሌላው ቁራኛው ነው፤ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ። ከዳባት ጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያን መንገድ ከባላጋራ ጋር ተቆራኝቶ በእግር መሄድን እስቲ አስቡት! ያ እንዳያመልጠው ይህ አይተኛም፤ ይህ እንዳይጎዳው ያ አይተኛም። «ዓይነ ቁራኛ» ይህ ዓይን ነው።

ሰንሰለቱ ቀርቷል። የመያዝና የዋስትና ነገር በ1954 ዓ.ም በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተደንግጓል። ቃሉ ግን ሥራ አልፈታም። ጸበል ቦታ «ቁራኛ መንፈስ አለበት» ሲባል እንሰማለን። ሕመም የጣለውን ሰው ደግሞ «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» እንላለን።

እኔን የሚከነክነኝ ይኼኛው ነው። ቁራኛ ሁለት ሰው ይፈልጋል። እኛ ግን በሽተኛውን ከአልጋ ጋር አሰርነውና አረፍን። አልጋ እኮ ውኃ አያጠጣም፣ አያገላብጥም። በሽተኛው በእውነት የተቆራኘው ከአስታማሚው ጋር ነው፤ አስታማሚዋ ደግሞ በኛ አካባቢ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ልጅ ናት። እናት ስትተኛ እንጀራው፣ ውኃው፣ ታናናሾቹ፣ ሌሊት መነሳቱ ሁሉ እሷ ላይ ይወድቃል። ወንድሟ ደብተሩን ይዞ ይወጣል። ጠያቂ ይመጣል፣ «እግዜር ይማርሽ» ይላል፣ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል። ቡናውን ያፈላችውን ልጅ «አንቺስ እንዴት ነሽ? ትምህርቱስ?» የሚላት ስንቱ ነው?

«እናቷ አይደለችም እንዴ? ግዴታዋ ነው» የሚል አይጠፋም። እናቷማ ናት። ነገር ግን ያ የምንኮንነው አሮጌ ሥርዓት እንኳ ሰንሰለቱ በሁለት ሰው እጅ ላይ እንዳለ አልደበቀም፤ ዳኛው ፊት የሚቆሙትም ሁለቱ ነበሩ። ዛሬ የሚታየን አንዱ ብቻ ነው።

ጥያቄዬ ታዲያ ለራሳችን ግቢ ነው። ዊዝድሮዋል ሞልቶ የሚሄድ ተማሪ «ታምሜ ነው» ካለና የሐኪም ወረቀት ካመጣ ነገሩ ይገባናል። «አስታምሜ ነው» ለምትለዋም ቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨመርላት፤ የእናቷ የሐኪም ወረቀትም ለሷ ማስረጃ ሆኖ ይያዝላት።