ማሳው በምርት ዋጋ ተወሰደ፣ በከተማ ዋጋ ተሸጠ



ዛሬ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳና በየካ አባዶ የኮንዶሚኒየም ብሎኮች የቆሙበት መሬት ትናንት እህል የሚታጨድበት ማሳ ነበር። የሰፈሮቹ ስም እንኳ የገበሬው ነው። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፤ ዛሬ ኮረብታውን ከፎቁ ለይቶ የሚያየው ግን ጥቂት ሰው ነው። ከተማ ማደጉን አንቃወምም። በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ለቤት የተመዘገበው ሕዝብ ወደ አንድ ሚሊዮን የተጠጋ ነበር፤ ይህ ሕዝብ የሚያርፍበት መሬት ያስፈልገዋል። የምንቃወመው ማሳው ሰፈር የሆነበትን መንገድ ነው።

«መሬት ላራሹ» ተብሎ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ አዋጅ ቁጥር 31/1967 መሬቱን ከባላባቱ ነጠቀ፤ ነገር ግን በባላባቱ ወንበር ላይ መንግሥት ራሱ ተቀመጠ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጸና። መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም አለ። እዚያው አንቀጽ ላይ ገበሬው ከመሬቱ እንደማይነቀል ተጽፏል። ቃሉ መልካም ነበር። ከግንቦት 1997 ምርጫ በኋላ በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ግን ቃሉን ባዶ አደረገው። አዋጁ መሬት ለተሻለ ልማት እስከተፈለገ ድረስ፣ አልሚው የግል ባለሀብትም ቢሆን፣ ወረዳው ወይም የከተማው አስተዳደር ባለይዞታውን ማስነሳት እንዲችል ፈቀደ። «የሕዝብ ጥቅም» የሚባለውም የሚመለከተው አካል በፕላን የወሰነው ሁሉ ሆነ። ወሳኙም ገዢውም ሻጩም አንድ ነው ማለት ነው።

ካሳው እንዴት እንደተሰላ ልብ በሉ። ሕጉ ገበሬው ባለፉት አምስት ዓመታት በአማካይ ያገኘውን ዓመታዊ ገቢ በአሥር እንዲባዛ አዘዘ። ለምሳሌ አንድ ሄክታር 15 ኩንታል ጤፍ ይሰጣል፣ ኩንታሉም 1,000 ብር ያወጣል እንበል። የዓመቱ ገቢ 15,000 ብር ነው፤ በአሥር ሲባዛ 150,000 ብር ይሆናል። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ ለገበሬው የደረሰው በካሬ 15 ብር ነው። ይኸው መሬት ሸንሽኖ ለሊዝ ጨረታ ሲቀርብ ካሬው በሺዎች ብር ተጫርተውበታል። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ገንዘብ ለማን ገባ? የገበሬው ኪስ እንዳልገባ እርግጥ ነው። እርሱማ በሬውን ሸጦ፣ በገዛ ማሳው ላይ በቆመው ሕንፃ ዘበኛ ሆኖ ሲቀጠር አይተናል።

ካሳው አንሶኛል ብሎ ይግባኝ ልጠይቅ ቢልስ? የአዋጁ አንቀጽ 11 መልስ ነበረው፤ አስቀድመህ መሬቱን አስረክብ፣ ማስረከብህንም በሰነድ አረጋግጥ፣ ከዚያ ይግባኝህ ይሰማል። ክርክሩም በካሳው መጠን ላይ ብቻ ነበር። መወሰድ ነበረበት ወይ የሚለውን ጥያቄ የሚያቀርብበት ችሎት አልተተወለትም ነበር። በሕግ ትምህርት ቤት ዳኝነት ብለው ያስተማሩን ይህን አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ማባዣውን ከአሥር ወደ አሥራ አምስት ማሳደጉን አንክድም። ስሌቱ ግን ዛሬም የሚነሣው ከሰብሉ ነው፤ ጤፍ በአሥራ አምስት ቢባዛም የከተማ ቦታ ዋጋ አይሆንም።

ገበሬው ይህን ስላወቀ መንግሥት ሳይደርስበት ማሳውን እየቆረሰ ለከተማው ድሃ ሸጠ። ጨረቃ ቤት የምንለው ከዚህ ተወለደ። ገዢው ያጠራቀመውን ጥሪት ከፍሎ ገባበት፤ ብዙ ቦታም ሰፈሩ ሲሞላ ባለሥልጣኑ ዝም አለ። ከዚያ ዶዘር መጣ። በሰኔ 2008 ዓ.ም. በንፋስ ስልክ ላፍቶ ሐና ማርያም አካባቢ ቤት ሲፈርስ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በየካቲት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ለገጣፎ ላይ እናቶች ሕፃናት አቅፈው ሜዳ ላይ ዋሉ።

ከሁሉ የከፋው ድሃን ከድሃ ማጋጨቱ ነው። በማስተር ፕላኑ ምክንያት በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. ወጣቶች ወድቀዋል፤ ፕላኑ የተሰረዘው ከዚያ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ነው። በ2011 ዓ.ም. የ51,229 ኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ሲወጣ በኮዬ ፈጬ ጉዳይ ዳግም ተቃውሞ ተነሣ። በአንድ በኩል ከደመወዙ እየቀነሰ ለዓመታት የቆጠበ የከተማ ሠራተኛ፣ በሌላ በኩል የአባቱን ማሳ ያጣ የገበሬ ልጅ ተፋጠጡ። ከሁለቱ ጥፋተኛ የለም። የቆጠበው ቤቱን በሕግ አግኝቷል፤ ማንም ሊነካበት አይገባም። የተነሣው ደግሞ ያልተከፈለው ዕዳ አለው፤ ባለዕዳውም መሬቱን የወሰደው መንግሥት ነው እንጂ ባለዕጣው አይደለም።

ይህ የገበሬ ጉዳይ ነው ብሎ የሚያልፍ የከተማ ሰው ካለ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ስም ፒያሳ የሆነውን ያስታውስ። መሬቱ የመንግሥት እስከሆነ ድረስ የከተማውም ነዋሪ ጭሰኛ ነው።

ፓርቲያችን ከተመረጠ ካሳው በሰብል መለካቱ ይቀራል፤ መነሻው መሬቱ ለአዲሱ አገልግሎት የሚያወጣው ዋጋ ይሆናል። ተነሺው ከተሸነሸነው መሬት ድርሻውን በስሙ ያገኛል። የሕዝብ ጥቅም የሚባለው መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ የውኃ መስመርና የመሳሰለው ተዘርዝሮ በሕግ ይጻፋል፤ ለሽያጭ የሚሠራ ሪል እስቴት ከዝርዝሩ ይወጣል። ፍርድ ቤት ሳይወስን ዶዘር አይንቀሳቀስም። አንቀጽ 40ን አሻሽሎ ዜጋውን የመሬቱ ባለቤት ማድረግ ግን የሁሉንም ክልል ምክር ቤቶችና የሁለቱን ፌዴራል ምክር ቤቶች ድምፅ ስለሚጠይቅ በአንድ ምርጫ ዘመን እንፈጽመዋለን ብለን አንዋሽም። የቀሩት በተራ አዋጅ የሚፈጸሙ ናቸው።

የገዥው ፓርቲ ዕጩ ወደ ሰፈራችሁ ሲመጣ አንድ ጥያቄ አቅርቡለት፤ ይህ ሰፈር የቆመበት መሬት ለገበሬው በካሬ ስንት ተከፈለበት፣ በጨረታስ ስንት ተሸጠ? መልሱን በቃል ሳይሆን በሰነድ ጠይቁ።