«ትክክለኛ ኢሜይል ያስገቡ»

ይቺን ቀይ ጽሑፍ ታውቋታላችሁ። ብዙ ጊዜ ልክ ናት፤ ነጥብ ረስታችኋል፣ ወይ @ ዘላችኋል። አንዳንዴ ግን አድራሻው ምንም አልጎደለውም፤ የተሳሳተው ኮዱን የጻፈው ሰው ነው። ኮድ ጻፊዎቹ እኛው ስለሆንን ሳላለሳልስ ነው የምናገረው።

በግዕዝ ፊደል፣ ወይም ጀርመኖች ሁለት ነጥብ በሚያደርጉበት ኦ የተጻፈ የኢሜይል አድራሻ ሕጋዊ ነው። ደንቡ አርኤፍሲ 6531 ይባላል፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ጂሜይል በ2014 እንዲህ ላሉ አድራሻዎች መላክና ከነሱም መቀበል ጀመረ። በ2015 ፖስትፊክስ ተከተለ፤ ፓይተንም በዚያው ዓመት በ3.5 አስገባው። የግዕዝ ፊደል ራሱ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ብዙዎቻችን ገና ሀሁ ሳንቆጥር። እና «ቴክኖሎጂው ገና ነው» የሚል ሰው ምን እየጠበቀ ነው?

«ማን ይጠቀምበታል?» ያለኝ አለቃም ነበር። በሩን ቆልፎ «እንግዳ አይመጣም» እንደማለት ነው። ፎርሙ ሁሉ እየመለሰው ማን ደፍሮ ይከፍታል?

ደግሞ ችግሩ የግዕዝ ብቻ አይደለም። እዚህ ዱቦ፣ አረካ አጠገብ፣ ወላይትኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ጉሮሮ ላይ ተቆርጦ የሚወጣውን ድምፅ ብዙዎች ከላይ በምትንጠለጠል ጭረት ይጽፉታል፤ ኦሮምኛም «ሁድሃ» የሚላት አለችው። ያቺ ጭረት ኢሜይል አድራሻ ውስጥ ከ1982 ጀምሮ የተፈቀደች ናት። ዩኒኮድ ከመፈጠሩ በፊት ማለት ነው! ግን ስንቱ ፎርም ይመልሳታል፤ ከአንድ ቦታ የተገለበጠ፣ ከኤ እስከ ዜድ ብቻ የሚያሳልፍ አንድ መስመር ሬጀክስ።

ወላይታ «እንዲህ ጻፍ» መባልን ያውቀዋል። በ1992 ዓ.ም. «ወጋጎዳ» በሚባል የተቀየጠ ቋንቋ የተዘጋጁ የመማሪያ መጻሕፍት ሲመጡ ሶዶ ተቃወመች፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ተነሡ። ሬጀክስን ከዚያ ጋር አላስተካክልም። ግን ሰው በሚጽፍበት ላይ ሌላው ሲወስን ቀላል ነገር ነው አትበሉኝ።

ከመመለስ የባሰም አለ፤ «ማስተካከል»። አንዳንዱ ፕሮግራመር ባለ ነጥቡን ኦ ተራ ኦ አድርጎ ይልካል። ወንድሜ፣ ያ የሌላ ሰው ሳጥን ሊሆን ይችላል! ኃይሉና ሀይሉ አፍ ላይ አንድ ናቸው፤ ለሰርቨር ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። የሕክምና ውጤት ወይ የይለፍ ቃል መቀየሪያ ሊንክ ለማያውቁት ሰው ትልክና «ኤረር የለም» ብለህ ትተኛለህ።

ሥራው ደግሞ ከባድ አይደለም። ከ@ በኋላ ያለውን ዶሜይን ወደ ፑኒኮድ መቀየር ይቻላል። ከ@ በፊት ያለውን ግን አትንኩት፤ ትርጉሙን የሚያውቀው ተቀባዩ ሰርቨር ብቻ ነው። ርዝመቱ በባይት ነው የሚቆጠረው፦ ገደቡ 64 ባይት፣ አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት፤ ስለዚህ 21 ፊደል ይይዛል፤ ለስምና ለአባት ስም ይበቃል። ፓይተን ላይ በሴንድ ሜሴጅ ከላካችሁ፣ ሰርቨሩ እንዲህ ያለ አድራሻ የሚችል መሆኑን ራሱ አይቶ ይልካል፤ ካልቻለ ኤረር ያነሣል። ያኔ ለተጠቃሚው እውነቱን ንገሩት፦ «አድራሻህ ትክክል ነው፤ የኛ ሰርቨር ነው ያልቻለው፤ ሌላ ካለህ ስጠን»።

የማጭበርበር ስጋት የሚያነሡም አሉ፤ ተመሳሳይ ፊደላት እያምታቱ። ስጋቱ እውነት ነው። ግን በላቲንም ትንሿ ኤልና አንድ ቁጥር ይምታታሉ፤ ለዚያ ብሎ ላቲንን የከለከለ አላየሁም። አድራሻው ላይ ማረጋገጫ ሊንክ ላኩበት፤ ሳጥኑን የሚከፍት ሰው ካለ አድራሻው ይሠራል። ከሬጀክሳችሁ የተሻለ ፈተና እሱ ነው።

ነገ ቴስታችሁ ውስጥ ሦስት አድራሻ ጨምሩ፦ አንድ ጭረት ያላት፣ አንድ ባለ ነጥብ ኦ፣ አንድ በሐመሩ ሐ የሚጀምር። የትኛው እንደሚወድቅ እዩ።