ለታማኞች ብቻ፦ ሆን ተብሎ የሚፈጠር የሸክላ እጥረት

የሮክ ባንዶች በመደበኛ አልበሞቻቸው ውስጥ ያልገቡ ሥራዎችን ለብቻ እየሰበሰቡ፣ በቁጥር ተወስኖ በሚታተም ሸክላ ወይም ሲዲ ማውጣት የቆየ ልማዳቸው ነው። ከስቱዲዮ ቀረጻ የተረፉ ዘፈኖች፣ የመጀመሪያ ሙከራዎች፣ የመድረክ ቅጂዎችና ከሌሎች ተውሰው የተጫወቷቸው ዜማዎች በዚህ መንገድ ይወጣሉ። እትሙ ሲተዋወቅ ሁልጊዜ የሚባለው አንድ ነው፤ ለታማኝ አድናቂዎች የተበረከተ ስጦታ። አባባሉ ከመለመዱ የተነሣ የሚጠይቀው የለም። ታሪኩ ሲመረመር ግን ስጦታ የነበረው መነሻው ነው። ዛሬ በዚህ ስም ለገበያ የሚቀርበው በአብዛኛው እጥረቱ ራሱ ነው።

የልማዱ ታዋቂ መነሻ እንግሊዝ ነው። በ1963 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቢትልስ አድናቂዎች ክበብ ከአባላቱ ለሚጎርፈው ደብዳቤ መልስ መስጠት አቃተው። የባንዱ የሕዝብ ግንኙነት ሰው ቶኒ ባሮው ለቅሬታው ማብረጃ አንድ ዘዴ ዘየደ፦ አራቱ ሙዚቀኞች የገና ሰላምታና ቀልድ ቀድተው፣ ድምፁ በስስ ተጣጣፊ ፕላስቲክ ላይ ታትሞ በፖስታ እንዲላክ። ይህ እስከ 1969 በየዓመቱ ቀጠለ። ሰባቱ ቅጂዎች ለንግድ የታሰቡ አልነበሩም፤ ፕላስቲኩም ርካሽና ዕድሜ የሌለው ዕቃ ነበር። ቁጥራቸውን የሚወስነው የአባላቱ ብዛት ነበር። መዋጮውን ለከፈለ ሁሉ ይደርሰዋል፣ ማንም ከማንም አይሻማም። በዚያ ዘመን የሕትመቱ ቁጥር የሰዎቹን ቁጥር ይከተል ነበር። በኋላ የመጣው አሠራር ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ መጀመሪያ ቁጥሩን ይወስናል፣ ከዚያ ሰዎቹን ያሽቀዳድማል።

የአሜሪካው አር.ኢ.ኤም. ከ1988 እስከ 2011 ለክበቡ አባላት የገና ነጠላ ዜማ ሲልክ ኖሯል። የሲያትሉ ፐርል ጃምም ቴን ክለብ ለተባለው ክበቡ በ1991 ጀመረ። የዚህኛው ታሪክ ጠጋ ተብሎ ሊታይ የሚገባው ነው፤ ልማዱን የሚያወድሱት ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚጠቅሱት እሱን ሆኖ ሳለ፣ የሚያስረዳው ግን የእነሱን ተቃራኒ ነውና።

የባንዱ ድምፃዊ ኤዲ ቬደር ሲያትል ውስጥ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ቤት የአንድ የቆየ ዘፈን ሸክላ ያገኛል። ዘፈኑ «ላስት ኪስ» ነው፤ ዌይን ኮክራን የደረሰው፣ ጄ. ፍራንክ ዊልሰንና ዘ ካቫሊየርስ በ1964 ዝነኛ ያደረጉት፣ ፍቅረኛውን በመኪና አደጋ የተነጠቀ ወጣት ሐዘን። ባንዱ በ1998 ከኮንሰርት በፊት በሚደረግ የድምፅ ፍተሻ ላይ ተጫውቶ ቀዳውና የዚያ ዓመት የገና ስጦታ አደረገው። ነገሩ እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት። ዘፈኑ ግን ከክበቡ አጥር ወጣ። የሬዲዮ ጣቢያዎች እየደጋገሙ ያጫውቱት ጀመር፣ ፈላጊው በዛ፣ በ1999 ለገበያ ከመውጣትም አልፎ ለኮሶቮ ስደተኞች መርጃ በተዘጋጀ አልበም ውስጥ ገባ። በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ወጣ። ታላላቅ አልበሞችን በሚሊዮኖች የሸጠው ባንድ በነጠላ ዜማ ከዚህ ከፍ ብሎ አያውቅም። ገንዘቡም ለስደተኞቹ ዋለ።

እንግዲህ «ለእናንተ ብቻ» የሚለው ቃል በጥብቅ ቢከበር ኖሮ፣ ባንዱ በነጠላ ዜማ ያገኘው ከፍተኛ ስኬት በጥቂት ሰዎች መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይቀር ነበር፤ ስደተኞቹም ከዚያ ገንዘብ ምንም አያገኙም ነበር። ዘፈኑ ለሁሉ በመሰማቱ የቀደሙት አባላት ያጡት ነገር አልነበረም። ባንዱ በ2003 «ሎስት ዶግስ» በተባለ ሁለት ሲዲ እንዲህ ያሉ 30 ያህል ዘፈኖችን ሰብስቦ ለማንም ሲያወጣም የክበቡ አሮጌ ሸክላዎች ተፈላጊነታቸውን አላጡም። ሰብሳቢ የሚፈልገው የመጀመሪያውን ሸክላ ነው፣ አድማጭ የሚፈልገው ደግሞ ድምፁን ነው። ሁለቱ ፍላጎቶች ሳይጋጩ በአንድነት ሊሟሉ ሲችሉ፣ ሁለተኛውን ነፍጎ የመጀመሪያውን ማስወደድ ለምን እንዳስፈለገ አሳማኝ ምክንያት የሚሰጥ የለም። የሚሰጠው ምክንያት ታማኝነት ነው።

ታማኝነቱ በምን ይለካል? ከ2008 ጀምሮ በየዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሚያዝያ ወር፣ የሚከበረው የሸክላ መሸጫ ቤቶች ቀን ጥሩ መልስ ይሰጣል። በአሜሪካ የሚገኙ የግል ሸክላ ቤቶች ያቋቋሙት በዓል ነው፤ ዓላማውም ሱቆቹን ከመዘጋት ማዳን ስለነበር በዚህ በኩል አይነቀፍም። መሣሪያው ግን በጥቂት መቶ ወይም ሺህ ቅጂ የሚታተሙ፣ በዚያ ቀን፣ በአካል ለመጣ ገዢ ብቻ የሚሸጡ እትሞች ሆነ። ሌሊት ተነሥቶ የሚሰለፈው የባንዱ ወዳጅ ብቻ አይደለም፤ አየር ባየር ነጋዴውም አብሮት ይሰለፋል፤ ስለ ሙዚቃው ምንም ማወቅ ሳያስፈልገው። በ2014 እንግሊዛዊው ፖል ዌለር ለዚሁ ቀን አንድ ነጠላ ዜማ በ500 ቅጂ አሳተመ። ሸክላው ወዲያው ኢቤይ ላይ ከሱቅ ዋጋው በብዙ እጥፍ ሲቸበቸብ አየና ከእንግዲህ በዚህ በዓል አልሳተፍም ብሎ በይፋ አስታወቀ። ነጋዴዎቹን መውቀሱ ተገቢ ነው። ሆኖም 500 ሸክላ ለብዙ ሺህ ፈላጊ ማቅረብ ማለት አየር ባየሩን በግብዣ መጥራት ማለት ነው፣ እንግዳው ሲመጣ መገረምም አይገባም።

እዚህ ላይ የሚለካው የቅርብ አድራሻ፣ ትርፍ ጊዜና ገንዘብ ነው። በእነዚህ ሦስቱ የተመዘነ ሰው ታማኝ ከተባለ፣ ሱቅ በሌለበት አገር የሚኖረው፣ የፖስታና የቀረጥ ክፍያ የሸክላውን ዋጋ የሚበልጥበት፣ ባንዱን ከሬዲዮና ከተገለበጠ ካሴት የተማረው አድማጭ ታማኝ አይደለም ማለት ነው። ይህን በግልጽ ለማለት የሚደፍር ባንድ የለም፤ አሠራሩ ግን ይለዋል።

የስጦታውን ስም ጨርሶ ያራቆተው አጋጣሚ በ2012 መጨረሻ የታየው ነው። ሶኒ ቦብ ዲላን በ1962 የቀዳቸውን ሥራዎች በአራት ሲዲ አድርጎ አውሮፓ ውስጥ በጥቂት ሱቆች አወጣ፤ በጠቅላላው 100 ያህል ቅጂ። ሲዲዎቹ እንኳ በፋብሪካ የሚታተሙት ዓይነት ሳይሆኑ ማንም በቤቱ ኮምፒውተር የሚቀዳባቸው ዓይነት ነበሩ፤ ሽፋኑም ለይስሙላ የተሠራ። ንዑስ ርዕሱ «የቅጂ መብት ማራዘሚያ ስብስብ» ይላል፤ ቢያንስ ሐቀኛ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ባወጣው መመሪያ የድምፅ ቅጂዎች መብት ከ50 ወደ 70 ዓመት ተራዝሟል፤ በ50 ዓመት ውስጥ ለሕዝብ ያልቀረበ ቅጂ ግን ከዚህ ጥበቃ ውጪ ይሆናል። ስለዚህ ሥራው ታትሟል መባል ነበረበት፣ መሰማቱ ግን የግድ አልነበረም። ዲላንን ዕድሜ ልካቸውን የተከተሉ ሰዎች 100 ቅጂ ሲሻሙ፣ እትሙ የተሠራው ለእነሱ አልነበረም። በተመሳሳይ የሕግ ግፊት እንደወጣ በሰፊው የሚታመነው የቢትልስ ስብስብ በ2013 በአይቱንስ 59 ቅጂዎችን ይዞ ለሚገዛ ሁሉ ክፍት ሆኖ ቀርቧል። አንድ ዓይነት ሕግ፣ ሁለት ዓይነት አሠራር፤ ቁጥሩን ጠባብ ያደረገው ሕጉ እንዳልነበረ ከዚህ ይታያል።

እውነተኛ እጥረት ምን እንደሚመስል የኢትዮጵያ ሙዚቃ አፍቃሪ ያውቀዋል። ዐምሃ እሸቴ በ1969 ባቋቋሙት የሸክላ ማሳተሚያ የወጡት ሥራዎች ዛሬ ብርቅ የሆኑት ማንም ብርቅ ይሁኑ ብሎ ስላሳተማቸው አይደለም። ገበያው ጠባብ ነበር፣ አብዮቱ መጣ፣ ሸክላው በካሴት ተተካ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የወጣው የኢትዮፒክስ ተከታታይ ስብስብና ከዚያ በኋላ የመጡት ዳግም ሕትመቶች ይህን ጉዳት ለመጠገን የተሠሩ ናቸው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 የቀዱት ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ሙዚቀኛውን ወደ መድረክ መልሷቸዋል። አንዱ ወገን ጊዜ የጨረሰውን ፈልጎ ለማባዛት ይደክማል፤ ሌላው የተትረፈረፈውን ይቆልፋል።

ልማዱን የሚደግፉ ሁለት ክርክሮች ክብደት አላቸው። አንደኛው የሕትመት ወጪ ነው። ሸክላ ለማተም ሻጋታ ማሠራት፣ ፋብሪካ ወረፋ መጠበቅ፣ ያልተሸጠውን ማከማቸት አለና ትንሽ ባንድ 300 ቅጂ ቢያሳትም አይፈረድበትም። ክርክሩ የሚሠራው ግን ለሸክላው እንጂ ለድምፁ አይደለም፤ ድምፁን በኢንተርኔት ለማቅረብ ሻጋታም መጋዘንም አያስፈልግም። ሁለተኛው ጠንከር ያለ ነው፦ አርቲስት ያልበሰለ ሥራውን ለዓለም ሁሉ ሳይሆን ስሕተቱን ለሚታገሡት ብቻ ማሰማት መብቱ ነው ይላል። መብቱ ነው። ጥሬውን የማያሳይ ደራሲ እንዳለ ሁሉ ጥሬ ቀረጻውን የሚደብቅ ሙዚቀኛም ይኖራል። ነገር ግን ከፊት ለፊቱ የተራ ቁጥር ታትሞበት፣ በባለቀለም ፕላስቲክ ተሠርቶ ለሽያጭ የወጣ ሥራ ከዓይን የተሰወረ የግል ነገር ነኝ ሊል አይችልም።

ሌላ መንገድ እንዳለ የሮክ ታሪክ ራሱ ያሳያል። ግሬትፉል ዴድ ከ1984 ጀምሮ በኮንሰርቶቹ ላይ መቅጃ ይዘው ለሚመጡ ሰዎች ልዩ ቦታ መድቦ፣ ቅጂው ያለ ሽያጭ ከእጅ ወደ እጅ እንዲዞር ፈቅዷል። ፐርል ጃም ሕገወጥ ቅጂ ሻጮችን ለመቅደም በ2000 ያቀረባቸውን ኮንሰርቶች አንድ በአንድ ለሕዝብ አወጣ፤ 72 አልበሞች። አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ጃክ ዋይት ደግሞ በሐምሌ 2024 በናሽቪል፣ በዲትሮይትና በለንደን ባሉት ሱቆቹ ለገዢዎች የአርቲስቱ ስም ያልተጻፈበት ሸክላ በነፃ በቦርሳቸው ውስጥ አስጨመረ፤ የሸክላ ኩባንያውም ያገኙት ሰዎች ገልብጠው እንዲያሰራጩት አበረታታ። በሁለት ሳምንቱ አልበሙ «ኖ ኔም» ተብሎ በመደበኛ መንገድ ወጣ። በአጋጣሚ ቀድመው ያገኙት ሰዎች ያ ሸክላ አሁንም በእጃቸው ነው፤ ሌላው ደግሞ ዘፈኖቹን ይሰማል።