የ58 ገጽ ኑዛዜ

ገንዘብ ያወጣ ሁሉ የፊልም ጌታ ነውን? እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ያበደረ ሒሳብ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ የቤቱን ምሰሶ ግን አይነቅልም።

ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ የኦርሰን ዌልስን የወንጀል ፊልም «ተች ኦፍ ኢቪል»ን ከእጁ ወስዶ ቆራረጠው፤ በሌላ ዳይሬክተር ያስቀረጻቸውን ትዕይንቶችም ጨመረበት። ዌልስ እርማቱን በ58 ገጽ ማስታወሻ ቢዘረዝርም፣ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ብዙው ሳይፈጸምለት ነው። ቦምብ የተጠመደባትን መኪና ከሦስት ደቂቃ በላይ ሳይቋረጥ በሚከተለው መክፈቻ ላይ እንኳ የሠራተኞች ስም ዝርዝርና የማንቺኒ ሙዚቃ ተደረተበት።

በ1998 ዋልተር መርች ማስታወሻውን ተከትሎ መክፈቻውን ሲያጸዳው፣ የመንገዱና የመጠጥ ቤቶቹ ድምፅ ተሰማ፤ ሥጋቱም በረታ። ዌልስ ካረፈ 13 ዓመት ሆኖት ነበር።

ስለዚህ እላለሁ፦ ሥራችሁ ሲቆረጥባችሁ ምክንያታችሁን ጽፋችሁ አኑሩ። ቁጣ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፤ የተጻፈ እርማት ግን ፈጻሚውን ይጠብቃል።